የመርሳው ታንክ፣ 1 ለ 35

ጸጉር ከራሴ ላይ ከሄደ አሥር ዓመት አልፎታል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሰፈራችን ካለው መድኃኒት ቤት ሁለት ጣሳ የጸጉር ስፕሬይ ይዤ ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ስቆም፣ ልጅቷ መጀመሪያ ጣሳዎቹን፣ ቀጥላ ራሴን አየች። የአገር ልጅ ናት።

«ለባለቤትዎ ነው?» አለችኝ።

«ለታንክ ነው።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ደረሰኙን ሰጠችኝ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ታንኩ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀኛል። ርዝመቱ አፈሙዙን ጨምሮ 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእውነተኛው ቲ-55 በ35 እጥፍ ያንሳል። 1 ለ 35 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳነብ ስቄአለሁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በሞተር የሚሄድ የጀርመን ፓንተር ታንክ ሲሠራ ባትሪዎቹን ሆዱ ውስጥ ለማስገባት የሚበቃ መጠን መረጠ፤ በኋላ ሲለካ 1 ለ 35 ሆኖ ተገኘ፤ ዓለምም ተከተለው። እኔ የገዛሁት ግን የኪየቩን የሚኒአርትን ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ታንክ የሚመስል ነገር የለበትም። በፕላስቲክ ፍሬም ላይ የተንጠለጠሉ ከሺህ በላይ ግራጫ ቁርጥራጮች፣ በትንፋሽ የሚበሩ የነሐስ ቅጠሎችና አንድ የመመሪያ ደብተር ብቻ። እሱን የመረጥኩት ውስጡም ስለተሠራ ነው፤ ሞተሩ፣ የጥይት መደርደሪያው፣ ወንበሮቹ፣ ሹፌሩ የሚነዳባቸው ሁለት ማንሻዎች ሳይቀሩ አሉ። የብዙ ሞዴል ታንክ ሆዱ ባዶ ነው። እኔ የምፈልገው ደግሞ ሆዱን ነበር።

ባለቤቴ የሙጫው ሽታ ቡናዋን ሲያበላሽባት ከደረጃው ላይ ሆና ትጣራለች። «ሰው ያንን ጊዜ ለመርሳት ውቅያኖስ ይሻገራል፤ አንተ በወረንጦ እየለቀምክ ምድር ቤቴ ታመጣልኛለህ!» መልስ የለኝም። ወደ መርሳ መመለስ ነው ያለብኝ።

መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በ1982 እና በ1983 ጦርነቱ በሰሜን ወሎ ሲመላለስ ሕፃን ነበርኩ፤ ከዚያ ወቅት የቀረልኝ ኩራዝ በጊዜ መጥፋቱና እናቴ አልጋ ሥር ስትከተን የነበረው የአቧራ ሽታ ነው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ መግባቱን እንደ ማንኛውም ሰው በሬዲዮ ሰማን። ታንኩን ግን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ እሱ አልሄደማ።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ሃያ እርምጃ ገባ ባለ የማሽላ ማሳ ጠርዝ ላይ፣ የግራ ሰንሰለቱ ተበጥሶ እንደ እባብ ከኋላው ተዘርግቶ ቆሞ ነበር። የማን እንደነበረ እርግጠኛ የሚሆን አልነበረም። አንዱ የደርግ ነው ይላል፤ ሌላው ወያኔዎች ማርከው ሲነዱት የተበላሸባቸው ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ከኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ጀምሮ ከሶቭየት ኅብረት የመጣው ታንክ በማረከው እጅ እየገባ ወዲያና ወዲህ ተኩሷል። የመሬቱ ባለቤት ገበሬ ጥያቄው ሌላ ነበር፦ 36 ቶን ብረት ማን ከማሳው ያንሳለት? የሚያነሳለት ሲጠፋ ዙሪያውን እየዞረ ማረሱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው አሁን በብሩሽ ለማስመሰል የምታገለው። በመጋቢት የሴቶቹ በርበሬ የሞተሩ ክዳን ላይ ይሰጣ ነበር፤ ብረቱ ከታችም ከላይም ስለሚያግለው ቶሎ ይደርቃል። በአፈሙዙ ላይ ነጠላ ይሰቀላል። አፈሙዙ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክንድ ይገባል፣ ጭንቅላት አይገባም፤ ሞክረናል። የመንኮራኩሮቹን ጎማ ሰው በቢላ እየሸረፈ ለበር ማጠፊያ ወሰደው። አንጥረኛው ከተበጠሰው ሰንሰለት አንዱን ዘለላ ፈቶ መስፍ አደረገው፤ እስከማውቀው ድረስ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቀጥ የኖረው እሱ ላይ ነው። እኛ ልጆች ደግሞ ከማማው ላይ ተነስተን በፊት ለፊቱ ተዳፋት እንንሸራተት ነበር። ያ ተዳፋት 100 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጥይት ነጥሮ እንዲሄድ ታስቦ የተጋደመ ብረት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ለእኛ የተሠራው ለቂጥ ነበር።

አንድ ቀን፣ ፊደል ቆጥሬ በጨረስኩበት ሰሞን፣ እናቴ «ከሆዱ እንዳትገባ፣ ያልፈነዳ ነገር አለበት» ያለችውን ጥሼ በቀኝ በኩል ባለው ክዳኑ በጠፋ ቀዳዳ አንገቴን አስገባሁ። የተርብ ቤት ነበረ፤ የፍየል በጠጥም ይሸታል፤ ፍየል በየት እንደገባች እስከ ዛሬ አልገባኝም። ግድግዳው ነጭ ነው። በማላውቀው ፊደል የተጻፉ ትንንሽ የብረት ሰሌዳዎች ነበሩ። ከአንዱ ሰሌዳ አጠገብ ግን፣ በቀይ ቀለም፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ «ዘይት» ተብሎ ተጽፏል። አነበብኩት። ከመጽሐፍና ከጥቁር ሰሌዳ ውጪ በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው። ከዚያ ተርቡ ጆሮዬን ነደፈኝና ወረድኩ።

ይህንን ሞዴል ስጀምር ወንድም ጋሼ ዘንድ ደወልኩ፤ አሁንም መርሳ ነው ያለው። ቀለሙን ጠየቅሁት። «አረንጓዴ» አለ። ስልኩን የተቀበለችው እህቴ «ቀይ ነበር፣ ደም መሳይ» አለች። እናቴ ከጓዳ ሆና «ጥቁር! ከሰል ነው የሚመስለው» ስትል ይሰማኛል። ስለ ጽሑፉ ሳነሳ ወንድም ጋሼ ሳቀብኝ። «የተርቡ መርዝ ነው ያስነበበህ። ሩስያኛ እንጂ አማርኛ አልነበረበትም።»

እዚህ ላይ ነው ሥራው ሥራ የሆነብኝ። ሞዴል ሠሪዎች ታንኩን ከገጣጠሙ በኋላ የሚሠሩት አንድ ነገር አለ፤ አዲሱን ዕቃ ፀሐይ የመታው፣ ጭቃ የነካው፣ የዛገ ማስመሰል። አማርኛ ስም ስላላገኘሁለት «ማስረጀት» እለዋለሁ። ሕጉ አንድ ነው፦ ምክንያት የሌለው ጭረት አይደረግም። ቀለም ከተላጠ እዚያ ላይ የታንከኛ ጫማ ረግጦ መሆን አለበት፤ ዝገት ከወረደ ከላይ ውሃ የሚያቁር መቀርቀሪያ መኖር አለበት። መጽሐፎቹ ሁሉ የሚያስተምሩት የአውሮፓን ታንክ ማስረጀት ነው፤ እርጥበት፣ ጭቃ፣ በረዶ። የሚሸጠው የአቧራ ብናኝ ጠርሙስ ላይ እንኳ «የአውሮፓ አፈር»፣ «የሰሜን አፍሪካ አቧራ» ተብሎ ይጻፋል። የወሎ አቧራ የሚል አላየሁም። የተቃጠለ ታንክ ማስመሰል የሚያስተምሩትም ብዙ ናቸው፤ ቃጠሎ ዓይን ይስባል።

የእኔው ታንክ ግን ተቃጥሎ ነበር ወይ? እንደ ፖሊስ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ታንክ ሲነድ የመንኮራኩሩ ጎማ አብሮ ይነዳል፤ ሸክሙን የሚይዙት የብረት ዘንጎችም በሙቀቱ ይልሙና ታንኩ ወደ መሬት ይሰጥማል። የእኛው ጎማ ነበረው፤ ሰው በቢላ ሸረፈው እንጂ እሳት አልበላውም። ሥሩ ደግሞ እንደልባችን የምንሾልክበት ነበር። ስለዚህ አልተቃጠለም። ካልተቃጠለ የውስጡ ነጭ ቀለም ይተርፋል። ነጩ ከተረፈ ቀዩም ሊተርፍ ይችላል። ማስረጃ አይባልም፤ ግን ተርቡን ነጻ ለማውጣት በቂ ነው።

ለቀለሙም መልስ አገኘሁ፤ ሦስቱም ልክ ናቸው። ወንድም ጋሼ ትልቅ ስለነበር አረንጓዴውን ደረሰበት፤ እህቴ የምታስታውሰው ፀሐይና ክረምት አረንጓዴውን ልጠው ዝገቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ እናቴ ሁልጊዜ ከሩቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ነው ያየችው፤ አጠገቡ ደርሳ አታውቅም።

ስፕሬዩ የሚመጣው እዚህ ነው። መጀመሪያ ታንኩ በሙሉ የዝገት ቀለም ይቀባል፤ ጥቁር ቡናማ፣ በላዩ ጡብ መሳይ ቀይ፣ እዚህም እዚያም በስፖንጅ ጫፍ የተነካካ ብርቱካናማ። ሲደርቅ የጸጉር ስፕሬይ ሁለት ጊዜ ይነፋበታል። ከዚያ ወታደራዊው አረንጓዴ በኤርብራሽ ይለብሳል። የጸጉር ስፕሬይ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ አረንጓዴው ደርቆ ብዙ ሳይቆይ በእርጥብ ብሩሽ ሲታሽ ሥሩ ይለቅና ቀለሙ እየተፈነቀለ ዝገቱ ብቅ ይላል።

በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስፕሬዩን አብዝቼ፣ ውሃውንም አብዝቼ፣ አረንጓዴው እንደ በሰለ እንጀራ ከነጠርዙ ተነሳ። ሁለተኛ ጊዜ እንግዳ መጣና ሥራውን ለነገ አሳደርኩት፤ በማግስቱ ቀለሙ ደንድኖ በብሩሽ ብለው በጥርስ ሳሙና ብለው እምቢ አለ። ሁለቱንም ጊዜ አጥቤ ከአንድ ጀመርኩ። በሦስተኛው እንደ ልጅ ገላ ቀስ ብዬ፣ አንዱን ጎን እያረጠብኩ፣ ከላይኛው ፊት እየጀመርኩ ወደታች ወረድኩ። ፀሐይ የምትመታው ከላይ ስለሆነ ጣራው መንጣት አለበት፤ ሆዱ አረንጓዴነቱን ይጠብቃል። በየብሎኑ ሥር ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ጠብ ሳደርገው በራሱ ጉዞ ብሎኑን ይከበዋል፤ ከሥራው ሁሉ እሱን ስመለከት ነው ሰዓት የሚጠፋኝ። ሌሊት መኪና ነድቼ ጠዋት እገባለሁ፤ ከመተኛት ፈንታ እዚያ እቀመጣለሁ።

አቧራውን ወንድም ጋሼ ላከልኝ፤ ጠላ ጠምቄ የምጠጣ መስሎት ከጌሾ ጋር በአንድ ፌስታል። አፈሩ እንደመጣ አይሆንም፤ አንዷ የአሸዋ ፍሬ በ35 ስትባዛ ድንጋይ ትሆናለች። በባለቤቴ አሮጌ የእግር ሹራብ ሦስት ጊዜ ነፍቼ የቀረውን ዱቄት ተጠቀምኩ። ሹራቡ አሮጌ መሆኑ ላይ እስካሁን አልተስማማንም።

የመጨረሻው ነገር ማብራት ነበር። ዝገት ጸጥ ያለ ነገር ነው፤ የእኛ ታንክ ግን የሚያብረቀርቅ ቦታ ነበረው፤ ፊት ለፊቱ ላይ፣ የአንድ ልጅ ስፋት ያለው፣ ከማማው ሥር እስከ መሬት የሚወርድ መስመር። እርሳስ በብርጭቆ ወረቀት ፈጭቼ ዱቄቱን በጣቴ አሸሁት፤ ፕላስቲኩ ብረት ሆነ። አፈሙዙ ጫፍ ላይም እንዲሁ፤ እየዘለልን የምንንጠለጠልበት ቦታ። ቨርጂኒያ ውስጥ ወደሚደረግ አንድ የሞዴል ዐውደ ርዕይ ይዤው ስሄድ የሚፈርዱት ሰውዬ በትንሽ ባትሪ አብርተው አዩና «ፊቱ ላይ ያለው ብረት በዝቷል፣ እዚህ ምንም የሚያሻሽ ነገር የለም» ብለው ጻፉ። የሚያሻሸውን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት አሰብኩና ተውኩት።

ያስረዳሁት ለአስር አለቃ ነው። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጥግ የሚቀመጡ፣ ሁሉም «አስር አለቃ» እያለ የሚጠራቸው አዛውንት ናቸው። ታንከኛ እንደነበሩ ከሌላ ሰው ሰማሁና አፍሬ አፍሬ አንድ እሑድ ቤት ጋበዝኳቸው። ባለቤቴ ቡና አፈላች። ታንኩን በትሪ አድርጌ አቀረብኩላቸው። መነጽራቸውን አወጡና ጠረጉ። መድፉን አላዩም፣ ሰንሰለቱንም አላዩም።

«ማማው ይነሳል?» አሉኝ።

አነሳሁላቸው። በቀኝ በኩል ያለችውን ቦታ በትንሿ ጣታቸው ነኩ። «እዚህ ነበርኩ። አጉራሽ ነኝ እኔ።» በቲ-55 አጉራሹ ከመድፉ በስተቀኝ ስለሚቆም የሚያጎርሰው በግራ እጁ ነው። አንዱ ጥይት 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ታንኩ 43 ይይዛል። «ማጉረስ ወግ ነው፤ አይደል?» አሉ ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «ግን ሠላሳ ኪሎ ጉርሻ፣ በግራ እጅ፣ ታንኩ እየዘለለ!» ግራ ክንዳቸውን አንስተው ምልክቱን አሳዩን፤ ክንዱ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም።

ከዚያ ማማውን መለስኩና ፊት ለፊቱን አዩት። «ይሄ የጥይት አይደለም። ምን ፈጨው?»

«እኛ ነን። ልጆች ሆነን እንንሸራተትበት ነበር።»

«በሱሪ ነው በባዶው?»

«ሱሪው እስኪያልቅ በሱሪ፤ ካለቀ በኋላ በባዶው።»

ሳቁ እስኪያስላቸው። ባለቤቴ ውሃ አመጣችላቸው። ስለ ጽሑፉ ያኔ ነው የጠየቅኳቸው። ነገሩን ገና ሳልጨርስ ጭንቅላታቸውን እያወዛወዙ ነበር።

«አዎ እንጂ! አዲስ ልጅ ሲመጣ ሩስያኛ የት ያውቃል? ሰሌዳው ሁሉ የእነሱ ቋንቋ። ዘይት፣ ውሃ፣ አየር እያልን በቀለም እንጽፍለት ነበር። ሞተሩን በታመቀ አየርም ታስነሳዋለህ፤ የአየሩን ማንሻ ከሌላው ካደባለቀ ጉድ ነው። የእኔ ታንክ ላይ ‹አትንካ› የሚል ነበር። ምኑን እንዳንነካ እንጃ፤ የጻፈው ልጅ ሳይነግረን ነው የሄደ።» ወዴት እንደሄደ አልጠየቅሁም።

ባለቤቴ ስኒዎቹን ስትሰበስብ አጉሊ መነጽሬን ሰጠኋቸው፤ ክዳን በሌለው ቀዳዳ በባትሪ አበራሁላቸው። ቃሉን ከወር በፊት ጽፌው ነበር፤ በእውነተኛው ላይ አራት ሳንቲ ሜትር ቢሆን እዚህ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሦስት ጠጕር ባላት ብሩሽ፣ ትንፋሽ ይዤ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ጠርጌ ደግሜ። «ዘ»ና «ይ» ወጥተዋል፤ «ት» ግን አግድም እጇ ረዝማብኝ መስቀል መስላለች። ረጅም ጊዜ አዩት።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል» አሉ።

«የጻፈውም ሰውዬ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ሞተሩ ሳይጠፋ ጽፎት ይሆናላ።»

ይህንን አላሰብኩትም ነበር። በሕፃንነቴ ያየሁት የተርበተበተ እጅ የፍርሃት ይመስለኝ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ያለው ናፍጣ ሞተር ከኋላ ሲንቀጠቀጥ የማንም እጅ ይንቀጠቀጣል። ለወንድም ጋሼ የዚያኑ ሌሊት ደወልኩለት። «እሺ፣ ነበር እንበል» አለ፤ ከእሱ ብዙ ነው።

ሲሄዱ በር ላይ አስር አለቃ ቆም ብለው ዞሩ። «አንድ ነገር ጎድሎታል። ጀሪካን የለውም። ውሃ ሳይዝ ወሎ ቆላ የወረደ ታንከኛ የለም፤ ውስጡ ምድጃ ነው። ቢጫው ጀሪካን፣ ከማማው ጀርባ፣ በገመድ።»

የሃያ ሊትር ጀሪካን በ1 ለ 35 ከአንድ ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ከስቱኮ ቀርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ መያዣውን ከቀለጠ ፕላስቲክ ክር ስቤ ሠራሁት። ቢጫ ቀባሁት፤ ቢጫውን በአቧራ አደበዘዝኩት። ገመዱ ከጆንያ የተመዘዘ ክር ነው። ክዳኑ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ የእኛ ቤቱ ጀሪካን ክዳን ቀይ ነበር፣ የጎረቤታችን ደግሞ ጠፍቶበት የበቆሎ ቆረቆንዳ ይወተፍበት ነበር። ታንከኞቹስ? ስልክ ደወልኩ፤ አላነሱም፤ በዚህ ሰዓት ይተኛሉ። ጀሪካኑን ክዳን አልባ አድርጌ በክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ሰክቼ አቆምኩት። እሑድ እጠይቃቸዋለሁ።